ለሮሊ የሚታሰረው መንጠቆ

አርቮ ላይቲነን ዕድሜውን ሙሉ መጋዝ ሲሞርድ የኖረ ሰው ነው። በእንጨት ፋብሪካው ውስጥ፣ ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የትልልቆቹን መጋዞች ጥርስ አንድ በአንድ ይስል ነበር። ጆሮው የከበደው በዚያ ጩኸት ነው። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ መፍታት እምቢ አለው፤ መጋዝ ቢያጣ መንጠቆ ይሞርድ ጀመር።

የእኔ ሱቅ ሳትሶፕ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ነው፤ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ እሸጣለሁ። አርቮ አዲስ መንጠቆ ከእኔ ይገዛና እዚያው ባንኮኒው ላይ ከማሸጊያው ያወጣዋል። ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ ይጎትተዋል። ጥፍሩን ነክሶ ከቆመ ስል ነው፤ ከተንሸራተተ ደንዟል። ለአርቮ ግን ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ደነዝ ነበር።

"ኦፓል፣ ይሄን ለሰው ትሸጫለሽ?" ይለኛል። "ከዚህ የኔ ሹካ ይሻላል።"

"እንግዲያው በሹካህ አጥምድ" እለዋለሁ። ገዝቶ ይሄዳል።

መንጠቆውን የሚስለው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ሮሊ ፕሩዊት የሚባል ጓደኛ አለው፤ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ጀልባ በመቅዘፍ ወንዙ ላይ እሱን የሚያህል የለም። ሮሊ ገና ጎረምሳ ሳለ ፋብሪካው ውስጥ ሰንሰለት ቀኝ እጁን ይዞት ሁለት ጣቶቹን ከግማሻቸው ቆርጦበታል። መቅዘፊያ መጨበጥ አልቸገረውም። ከፀጉር እምብዛም የማይወፍረውን ክር መንጠቆ ላይ ማሰር ግን አቃተው። አርቮ ያስርለት ጀመር፤ ማሰሩ ማዘጋጀትን አመጣ፣ ማዘጋጀቱ መምረጥን አመጣ። በመጨረሻ ሮሊ ጀልባውን ይዞ ይመጣል፣ የቀረው ሁሉ የአርቮ ሆነ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አርቮ ድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃውን ሲያይ በመስኮቴ እመለከተዋለሁ። ከገና ወዲያ፣ በዝናቡና በብርዱ፣ ስቲልሄድ ከባሕር ወደ ወንዙ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ የሳልሞን ዘመድ ነው፣ ግን ከሳልሞን ይልቅ ተጠራጣሪና ቁጡ ነው። ውሃው ደፍርሶ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ አርቮ ትልቅ ጉርሻ የሚያህል የሳልሞን እንቁላል ይመርጣል፣ ደማቅ ሮዝ የሱፍ ክር ይጨምርበታል፣ ዓሣው ባያየው እንኳን እንዲያሸተው። ውሃው ጠርቶ ከግርጌ ያለው ድንጋይ ከታየ ደግሞ ከጥፍር የማትበልጥ የእንቁላል ቁራጭ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን የጫፍ ክር። ክሩን የሚያሰምጠውን የእርሳስ ብረትም በእጁ መዳፍ እየመዘነ ነው የሚቆርጠው፤ ከወንዙ ግርጌ ያለውን ጠጠር እየነካካ መውረድ አለበት። ቶሎ ቶሎ ከመታ ከብዷል፣ ጭራሽ ካልነካ ቀሏል።

ለሮሊ የሚሰጠው የማጥመጃ ዘንግም የተለየ ነው። ሮሊ ዓሣው ሲነካለት ይደነግጥና ዛፍ እንደሚነቅል ሰው ይጎትታል። አርቮ ይህን ስለሚያውቅ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ዘንግ ነው የሚመርጥለት፤ ሮሊ ቢጎትትም ዘንጉ እሺ ብሎ ይጎብጣል እንጂ ክሩ አይበጠስም። ሮሊ ይህን ያወቀው አይመስለኝም። "እኔ እኮ ክር በጥሼ አላውቅም" እያለ ሲፎክር አርቮ አንገቱን ደፍቶ ክሩን ይጠቀልላል።

እንቁላሉን የሚያሰናዳው በመከር ወራት ከያዙት ሳልሞን ነው። ቦራክስ የሚሉት ነጭ ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፤ አራተኛውን ነገር ለእኔ እንኳን ነግሮኝ አያውቅም። ለሮሊ ግን ነግሮታል። ከወንዝ ሲመለሱ አርቮ ከቤቱ ጀርባ በሠራው ሳውና፣ በእንፋሎት በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የእግር ጣታቸው እስኪሞቅ ድረስ ስላመለጣቸው ዓሣ ይጨቃጨቃሉ። አርቮ ሚስት አላገባም። የሮሊ ሚስት በሞተች ጊዜም ሮሊ ያለቀሰው እዚያ ሳውና ውስጥ ነበር።

ጄኒቫ ክራውስ የመጣችው ከአይዳሆ ግዛት ነው። ቀጠን ያለች፣ ሽበቷን አሳጥራ የተቆረጠች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ። መጀመሪያ ሱቄ ስትገባ ሮሊ ምድጃዬ አጠገብ ቆሞ ቡናዬን ይጠጣ ነበር።

"ተንሳፋፊ አለሽ?" አለችኝ። "ትንሿን፣ ለስቲልሄድ።"

ሮሊ ጣልቃ ገባ። "እዚህ ወንዝ ላይ በተንሳፋፊ የሚያጠምዱት ሕፃናት ናቸው።"

"አዋቂዎቹስ በምን ያጠምዳሉ?"

"እርሳስና እንቁላል።"

"ምን ያዙበት?"

ሮሊ ትንሽ አሰበ። "ሰሞኑን እንኳን ጉንፋን ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። ሮሊ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር።

ቅዳሜ ሦስቱም አብረው ወረዱ። አርቮ ጨዋ ሰው ነውና ለእንግዳዋም ዘንግ አዘጋጅቶ መጣ፤ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦም ጠቅልሎ ይዟል።

"አቶ ላይቲነን፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ" አለችው እጇን ዘርግታ።

"አርቮ በይኝ።"

"እንግዲያው አርቮ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የራሴን ለምጃለሁ። አይከፋህም አይደል?"

"ለምን ይከፋኛል" አለ አርቮ። ከፍቶታል።

የእሷ ዘንግ ረጅምና ቀጭን ነበር። ከተንሳፋፊው በታች ያንጠለጠለችው እንቁላል አልነበረም፤ ራሷ ሐምራዊ ያቀለመችው የላባ ማባበያ ነው፣ ውሃ ውስጥ እንደ ነፍሳት የሚተነፍስ። አርቮ በልቡ ሳቀ። ከዚያ ተንሳፋፊው ብልጭ ብሎ ጠለቀ፤ ዓሣ ያዘች። ከሰዓት ሳይሆን ሌላ ደገመች። የአርቮ ክር ግን ጠጠሩን ብቻ ሲነካካ ዋለ። ሮሊ ከኋላቸው እየቀዘፈ "አየሃት? አየሃት አርቮ?" ይላል። ማየቱን አይቷል። ያላየው ነገር ቢኖር ሮሊ ለአርቮ ዓሣ እንዲህ የጮኸበትን ቀን ነው።

ያኔ ጀመረው። መጀመሪያ አርቮ ራሱም ቅናት መሆኑን አላወቀም፤ ጨጓራው መስሎት ሾርባ ብቻ ይበላ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሮሊ ሳይደውል ቀረ። ቅዳሜ ማለዳ አርቮ ቡናውን ፔርሙዝ ውስጥ ቀድቶ፣ የጎማ ሱሪውን ለብሶ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። የሮሊ ፒክአፕ ጀልባዋን እየጎተተ በቤቱ ፊት አለፈ። ከፊት ወንበር ላይ የሴት ኮፍያ ይታያል። አርቮ ፔርሙዙን ከፍቶ ቡናውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋው።

ከዚያ በኋላ እንዲዘንብ ይመኝ ጀመር። ዝናብ በርትቶ ወንዙ ዳር ዳሩን ሲወጣ፣ ግንድ እያንከባለለ ሲወርድ፣ ማንም ጀልባ አያወርድም። የከተማው አጥማጅ ሁሉ ሰማይ እያየ ሲያማርር አርቮ ብቻ ደስ ብሎት ሱቄ ይመጣል።

"ዘንድሮ ደግ ዝናብ ነው" ይለኛል።

"ለዳክዬ ነው ደጉ። ጓደኛህ ሚስት አገባብህ መሰለኝ?" ብዬ ነካሁት አንድ ቀን።

ቀይ ሆነ። "ሮሊ የፈለገውን ይሁን። ምን አገባኝ? ብቻ በላባ የሚያጠምድ ሰው፣ አይዳሆ ያለው ዓሣ ሞኝ ሆኖ ነው።"

"እዚህ ያለውም ሞኝ ሆኗል አሉ። ባለፈው ሳምንት…"

"ሰምቻለሁ!" ብሎ ወጣ፤ የገዛውንም መንጠቆ ባንኮኒው ላይ ረስቶት።

የከፋው ነገር ጄኒቫ ክፉ ሰው አለመሆኗ ነው። ክፉ ብትሆን ይቀለው ነበር። እራት ጠራችው። ያጨሰችው ሳልሞን፣ ድንች፣ ከፖም የተሠራ ኬክ አቀረበች። በላ፤ ኬኩ ጥሩ መሆኑ ራሱ አናደደው። ከእራት በኋላ ሮሊ እንደ ልጅ እየተቁነጠነጠ "አርቮ፣ ይሄን እይማ" አለና ከኪሱ መንጠቆና ክር አወጣ። የክሩን አንድ ጫፍ በጥርሱ ነከሰ። በተቆረጡት ጣቶቹ ጉማጅ መንጠቆውን ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ያዘ፣ በግራው ጠመጠመ፣ ጠመጠመ፣ ጎተተ። ቋጠሮው ጥብቅና ንጹሕ ነበር።

"ጄኒቫ ናት ያስተማረችኝ! ይሄን ሁሉ ዘመን አልችልም ስል። አሁን አንተም ታርፋለህ።"

አርቮ ቋጠሮውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። ስሕተት ፈለገበት፤ አላገኘም። "ጥሩ ነው" አለ። ኮቱን ለብሶ ወጣ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ በልቡ ሲያመላልስ የነበረው አንድ ቃል ነው፤ ታርፋለህ። ማረፍ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ወንዙ ጎደለና ሮሊ አርቮ መሣሪያውን በሚያስቀምጥበት ጋራዥ በር ላይ ብቅ አለ።

"ቅዳሜ ሦስታችንም እንውረድ። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። ጄኒቫ በእንቁላል መሞከር ትፈልጋለች፤ የአንተን እንቁላል አወራሁላት። ለእሷም እሰርላት እስቲ።"

"አንተ ታስር የለም እንዴ?"

"እኔማ አስራለሁ፤ ያንተ ግን ያንተ ነው።"

ይህ ቃል ልቡን ሊያለዝበው በተገባ ነበር። ግን "ለእሷም" የምትለዋ ብቻ ናት የተሰማችው። ሮሊ እንደሄደ አርቮ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የሮሊን መንጠቆዎች ሳለ፣ አሰረ፣ ካርቶን ላይ ጠቀለለ። ከዚያ የእሷን ሳለ፣ እንደ ወትሮው አሳምሮ። ክሩንም አሰረ። ከዚያ ሞረዱን አዙሮ የእያንዳንዱን መንጠቆ ጫፍ አንዴ መታ አደረገው። ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። ዓሣ ይነክሰዋል፣ ትጎትታለች፣ ይወልቃል፤ ይኸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲስል የኖረ እጅ በደቂቃ ውስጥ ሁሉንም አደነዘዘ፤ አርቮ እንዳለኝ፣ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎት ነበር።

የቀረውን ጄኒቫ ናት የነገረችኝ። ቅዳሜ ማለዳ ውሃው አርቮ እንደሚወደው ነበር፣ አረንጓዴ፣ ግርጌው የማይታይ ግን ያልደፈረሰ። እሷና አርቮ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሮሊ ከኋላቸው ይቀዝፋል። አርቮ ካርቶኑን ሰጣት። አንዱን ፈታችና ጓንቷን አውልቃ ጫፉን በጥፍሯ ላይ ጎተተችው። ተንሸራተተ። ሌላ ፈታች፤ ተንሸራተተ። ሦስተኛውም እንደዚያው። እጇን ዘርግታ ለሮሊ ከተዘጋጀው አንዱን ሞከረች፤ ጥፍሯን ነክሶ ቆመ።

ቀና ብላ አርቮን አየችው። አርቮ ወንዙን ያያል፤ አንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

"አርቮ፣ ሞረድህን ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"ብርዱ ጣቴን አድርቆታል። እንደው አንተው ሳልልኝ።"

"ምን ሆነ?" አለ ሮሊ ከኋላ።

"ምንም። ጓደኛህ አንዴ ሊነካካልኝ ነው።"

አርቮ ሞረዱን አወጣ።  አንዱን ስሎ ሰጣት፤ በጥፍሯ ሞክራ እጇን ለሚቀጥለው ዘረጋች። እንዲያ እያለች ሁሉንም አሳለችው። አንድ ቃል አልጨመረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር አለኝ አርቮ።

ግንዱ የተጋደመበት ጥልቅ ውሃ ጋ ሲደርሱ እንቁላሏን ጣለች። እርሳሱ ጠጠሩን ነካ፣ ነካ፣ ቆመ። ጎተተች። ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠና ዓሣው ከውሃው ወጥቶ ተገለበጠ፣ ወፍራም፣ ብር የመሰለ። ወደ ታች ሸሸ፤ ሮሊ እየጮኸ ጀልባዋን አስከተለ። መረቡ አርቮ እጅ ነበር። ዓሣው አጠገባቸው ሲደርስ፣ መረቡን ትንሽ ቢያዘገይ፣ ክሩን በጠርዙ ቢነካው፣ ማንም አያውቅበትም ነበር። ይህን ማሰቡን አልደበቀኝም። ግን እጁ አልታዘዘውም፤ መረቡ ከዓሣው በታች ገባና አነሣው።

መንጠቆው የአፉ ጥግ ላይ እስከ ጉብጠቱ ሰምጦ ነበር። በጀርባው ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ አልተቆረጠችም፤ የወንዙ የራሱ ዓሣ ነው፣ ክንፉ ተቆርጦ ከእርባታ የተለቀቀ አይደለም፣ ሕጉም ስለሚከለክል መልሰው ሰደዱት።

"አርቮ!" ሮሊ ከመቅዘፊያው ተነሥቶ ትከሻውን መታው። "ያንተ እንቁላል! ያንተ መንጠቆ! አላልኩሽም ጄኒቫ?"

"ብለኸኛል" አለች።

ምሳ ለመብላት ጠጠሩ ላይ ወረዱ። ሮሊ እንጨት ሊለቅም ወደ ጫካው ሲገባ አርቮ እግሩን እያየ "ለምን አልነገርሽውም?" አላት።

"ምን ብዬ?"

"ታውቂያለሽ።"

"መናገር ከፈለግህ አንተ ንገረው። የእኔ ሥራ አይደለም።" ዳቦዋን ጠቅልላ አስቀመጠች። "እኔ ደግሞ ባንተ ስቃጠል እንደከረምኩ ታውቃለህ? ጀልባ ላይ 'አርቮ ቢሆን እዚህ ጋ ይጥል ነበር'። መንገድ ላይ 'አርቮ በዚህ አይሄድም'። ድንች ስልጥ 'አርቮ ልጣጩን አይጥልም'። የሞተችው ሚስቱ አላስቸገረችኝም፤ አንተ ነህ ያስቸገርከኝ።"

 "ማሰሩን ለምን አስተማርሽው?" አለ አርቮ፤ የልቡ ጥያቄ ይህ ነበር።

"ጠየቀኝ።"

"እኔን ጠይቆኝ አያውቅም።"

"እንዳይከፋህ ነው። ለእሱ ማሰር እንደምትወድ ያውቃል።"

ይህ ከሁሉ የባሰ አነደደው። ይህን ሁሉ ዓመት እሱ ሮሊን የሚረዳ መስሎት ነበር፤ ለካ ሮሊም ዝም ብሎ ሲያስደስተው ኖሯል። ይህን የምታውቀውም እሷ ሆነች።

ማደንዘዙን ለሮሊ የነገረው አርቮ ራሱ ነው፣ ሳውና ውስጥ፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ። ሮሊ ሰምቶ ሲጨርስ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ አፈሰሰ። 

"የእኔንም አደነዘዝከው?"

"ያንተን አልነካሁም።"

"የእኔን ብታደነዝዘው ይሻል ነበር" አለና ሳይደርቅ ልብሱን ለብሶ ሄደ።

በዚያ ጸደይ ሮሊና ጄኒቫ ሞንቴሳኖ ከተማ ፍርድ ቤት ሄደው ተጋቡ። አርቮ አልተጠራም። ያን ከሰዓት እኔ ሱቅ ነበር፤ የመንጠቆ ማሸጊያዎቼን አንድ በአንድ ከፍቶ በጥፍሩ እየሞከረ መለሰልኝ።  ሲሄድ ጥፍሩ በጭረት ተሞልቶ ነበር።

በመከር ሳልሞን ወንዙን ሲሞላ ሮሊ ጀልባዋን ፒክአፑ ላይ ሊያስር ሲታገል ወገቡ ከዳው። ሐኪሙ መቅዘፍ ከለከለው፤ ሶፋ ላይ ትራስ ደርድሮ ተጋደመ። ጄኒቫ ወደ አርቮ ጋራዥ ሄደች።

"ያ ሰው አበደብኝ" አለችው። "ከቤት መውጣት አለብኝ። እኔ መቅዘፍ አልችልም፤ አንተስ?"

"ከሮሊ የባስኩ ነኝ።"

"ይበቃናል። እንቁላል አለህ?"

"አለኝ።"

"መንጠቆስ?"

አርቮ ካርቶኑን አውጥቶ ሰጣት፤ ሳትሞክረው ኪሷ ከተተችው።

እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ይወርዱ ጀመር። አልተዋደዱም፤ ቢያንስ በዚያ መከር አልተዋደዱም። ላባ ይሻላል እንቁላል እየተባባሉ ወንዙን ሙሉ ይነታረካሉ፤ ድምፃቸው ድልድዩ ላይ ይሰማል። አርቮ ግን ለእሷ ዘንግ ይመርጥላት ጀመር። እጇ ፈጣን ነው፣ ጠንከር ያለ ጫፍ ይሆናታል አለኝ፤ የሮሊን ለስላሳ ዘንግ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ሮሊ ይህን ሲሰማ ከሶፋው ተነሣ። ወገቡን ይዞ፣ ፒክአፑን በዝግታ እየነዳ፣ ጀልባ የሚወጣበት ቦታ ላይ ይጠብቃቸዋል። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "በምን ያዛችሁት?" ይላል።

"በመንጠቆ" ይለዋል አርቮ።

"እሱን አውቃለሁ! እንቁላል ነው ላባ?"

"ምን ያደርግልሃል? አንተ ተኛ" ትለዋለች ሚስቱ፤ ሁለቱም ሳይነግሩት ዓሣቸውን ይዘው ያልፋሉ።

ባለፈው ሐሙስ እኔ ሱቅ መጣ። እንደ አሮጊት ከዘራ ተደግፎ፣ ምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ ቡናዬን ቀድቶ።

"ኦፓል፣ አርቮ ትናንት ምን ገዛ?"

"የሰው ጉዳይ አላወራም።"

"ቀዩን ክር ነው ሮዙን?"

"ሮሊ፣ ሂድና ተኛ።"

"ለእሷ ነው የገዛው አይደል?" አለኝ። ቡናው እጁ ላይ በረደ። "ለእኔ እኮ ሮዝ ነበር የሚገዛልኝ።"